ቡሬ ሲያጉረመርም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጆችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በቅዳሜ ጠዋት የጣና ዳር ሽርሽራችሁን ትታችሁ ስለ ጊኒ ፒግ፣ ስለዚያች ጭራ አልባ አይጥ መሰል የቤት እንስሳ፣ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

ብዙዎቻችሁ ለልጆቻችሁ ጥንድ ጥንድ ገዝታችኋል። ደግ አድርጋችኋል። ይህች እንስሳ ብቻዋን መኖር አትወድም። ዘሯ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች ነው። የፔሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በቤታቸው ያረቧታል፣ ይበሏታልም። እኛ ጋ የልጆች ጓደኛ ሆናለች። ጣጣው የሚመጣው ወንድና ሴት አብረው ሲኖሩ ነው።

እኔ የገዛሁት «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተብዬ ነው። ቡሬና ዳማ አልኳቸው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሼ ተቀምጫለሁ። ከሳጥናቸው ድምፅ ሰማሁ፤ ቫይብሬት ላይ ያለ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲጠራ ዓይነት። ሻማውን ጠጋ አደረግሁ። ቡሬ ያጉረመርማል። ዳሌውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ፣ እግሩን ቀስ ብሎ እያነሳ ዳማን ይዞራታል። የኛ እስክስታ በትከሻ ነው፣ የሱ በዳሌ። ዳማ ትንሽ ታገሰችው። ከዚያ ቂጧን ከፍ አድርጋ ሽንቷን ፊቱ ላይ ረጨችበት። እሱም ወደ ኋላ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ጠረገ። ወንድ ይሆን ብዬ የጠረጠርኩት ያኔ ነው። ሴቶችም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋሉና በማግስቱ ሐኪም አሳየሁት፤ ወንድ ነው አለኝ። እሷ ግን ቀድማ አርግዛ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተጣሉ ብሎ ይደነግጣል። ጠብ አይደለም፣ እየጀነጀናት ነው። ካልፈለገች ትሸሻለች፣ ትራገጣለች፣ ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች፣ ትረጫለች። ማባረሯ ጤናማ ነገር ነው፤ አትቆጧት። መደበቂያዋ ሁለት በር ይኑረው። አንድ ብቻ ከሆነ ጥግ ላይ ይይዛታል። ደም ካያችሁ ግን ወዲያው ለዩአቸው።

ሴቷ ድራት ላይ፣ ማለትም ወንድ ፈላጊ፣ የምትሆነው በ16 ቀን አንዴ ገደማ ነው። ወንዱን የምትቀበለውም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ያኔ አትሸሽም፤ ወገቧን ዝቅ፣ ቂጧን ከፍ አድርጋ ትቆምለታለች። ነገሩ በሰከንዶች ያልቃል። ስለዚህ ሲገናኙ አላየሁም ብላችሁ አትዘናጉ። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ይወስዳል። ለትንሽ እንስሳ ረጅም ነው። ልጆቹም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። ሴቷ በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ድራት ላይ ትሆናለች። ይህን አላውቅም ነበር። ዳማ ታኅሣሥ 12 ቀን ሦስት ወለደች። ቤተሰቡ አንድ ላይ ይሁን ብዬ ቡሬን አልለየሁትም። የካቲት 20 ደግማ ወለደች። ጀርባዋን ስዳብሳት አጥንቷ እጄ ላይ ይቆጠር ነበር። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

እባካችሁ መውለጃዋ ሲቃረብ ወንዱን ለዩት። ወንድ ልጆቿንም 3 ሳምንት ሲሞላቸው ከእናታቸውና ከእህቶቻቸው ለዩ። ሴቶቹንም ከአባታቸው፤ ገና በወር ዕድሜያቸው ሊያረግዙ ይችላሉ። ሌላም አለ። ሴቷ አንዴም ሳትወልድ ዕድሜዋ 6 ወይም 7 ወር ካለፈ የዳሌ አጥንቷ መጋጠሚያ ይጠነክራል፣ ምጡ ሊገድላት ይችላል። እንዲህ ያለችውን ካልተኮላሸ ወንድ ጋር ጭራሽ አታኑሯት።

ስለ ምግብም አንድ ነገር ልበል። ሰውነቷ እንደኛው ቫይታሚን ሲ አይሠራም። ስታረግዝ ደግሞ የበለጠ ትፈልጋለች። የማያቃጥል ቃሪያ ስጧት። ከጓሯችሁ ዘይቱና ካለም ቁራጭ ጣል አድርጉላት። ሣሩ ግን መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ዳር የታጨደ እንዳይሆን።

«ታዲያ ተዋደው የኖሩትን ልንለያያቸው ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የኔ ምርጫ ወንዱን ማኮላሸት ነው። ግን እንደ በግ በዘልማድ እንዳይሆን፤ በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ ይሁን። ከዚያ በኋላ 6 ሳምንት ጠብቁ፤ ዘሩ ወዲያው አያልቅም። እስከዚያ በመካከላቸው የሽቦ መረብ አድርጉ። ይተያዩ፣ ይሸታተቱ። ቡሬና ዳማ ያን ሁሉ ቀን ከሽቦው ወዲህና ወዲያ ተጠጋግተው ይተኙ ነበር። ሽቦውን ያነሳሁ ዕለት ቡሬ ማጉረምረም ጀመረ። ዳማም ረጨችበት። ትንሽ ቆይተው አንዲት የሣር ዘለላ ከሁለት ጫፍ ይዘው በሉ።

ሁለቱንም ይዣቸው መጥቻለሁ። ካርቶናቸው ጠረጴዛው ሥር ነው። ልጆች፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ቀስ እያላችሁ ኑ።