ቤት ስትሸጡ የወረቀቱን ወጪ አትሽሹ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሰብሳቢያችን ስለ ቤት ሽያጭ ውል እንድናገር ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። እንደምታውቁት ሙያዬ ጥብቅና ነው። ዛሬ ግን የመጣሁት ደንበኛ ፍለጋ አይደለም። ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ለማግኘት ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው በየጊዜው አያለሁ። ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩት ሀብት ያቺው ቤት ብቻ ናት። ያሳዝነኛል። መከላከል ይቻል እንደነበር ሳስብ ደግሞ ያናድደኛል።

ውል ለማስጻፍ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለው "ለአንድ ወረቀት ይህን ያህል?" ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እስቲ ወጪውን አብረን እንየው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ደላላ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ፐርሰንት ነው። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ካወጣ 200 ሺህ ብር ማለት ነው። የቴምብር ቀረጥ አለ። በ1990 የወጣው አዋጅ የንብረት ባለቤትነት ለሚተላለፍበት ሰነድ ያስቀመጠው 2 በመቶ ነው። ይህንንና የስም ማዛወሪያውን በተለምዶ ገዢ ይከፍላል። ድርድር ግን ነገሩን ሊቀይረው ስለሚችል፣ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። የግብር ውዝፍ ያለበት ሻጭ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለማውጣት ውዝፉን ይከፍላል። ከዚያ ውል ማስጻፊያው፣ ከዚያ የውልና ማስረጃ የአገልግሎት ክፍያ ይመጣል።

ውል ማስጻፊያው ከደላላውና ከቀረጡ ብዙ ጊዜ ያንሳል። የምንከራከረው ግን በእሱ ነው። ለደላላው 200 ሺህ ቆጥረን እንሰጣለን። ውሉን ሲሆን ሌላ ሰው የተዋዋለበትን ወረቀት ስሙን ቀይረን እንፈርማለን። ይህ ልክ አይደለም።

ስለ ግብር አንድ ነገር ልበል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ፣ ከመሸጡ በፊት ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ሆኖ የቆየን ቤት ካፒታል ጌይን ከምንለው፣ ከሽያጭ በሚገኝ ትርፍ ላይ ከሚጣለው ግብር ነጻ አድርጎታል። ግቢያችሁ ውስጥ ሱቅ ወይም ቢሮ ያከራያችሁ ካላችሁ ግን ዝም ብላችሁ ነጻ ነን አትበሉ። የግብር ሕግ ይሻሻላል። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን አስጠይቁ። ዋጋ ተቆርጦ ቀብድ ከተበላ በኋላ የሚሰማ ግብር ከሻጭ ኪስ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሳሎን ተቀምጦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ይህን አያሟላም። በዚህ አንቀጽ የተነሳ እስከ ሰበር የደረሱ ክርክሮች ብዙ ናቸው። 5 ዓመት ስላልሞላው ለሽያጭ ያልተፈቀደ ኮንዶሚኒየም በብድር ውልና በውክልና ተሸፋፍኖ ሲሸጥም ታውቃላችሁ። ወጪ የቀነሰ ይመስላል። ሻጭ ወይም ገዢ ቢሞትስ? ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቋረጣል። የሚቀረው ከወራሾች ጋር መካሰስ ነው።

ሻጭን በጣም የሚጎዳው ግን ሌላ ነው። በየውሉ ላይ "የሽያጩን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ሻጩ ገና ግማሹን ነው የተቀበለው። ገዢው "ባንኩ ነገ ይለቀዋል" ይላል። ደላላው "ችግር የለም እማማ፣ ይፈርሙ" ይላል። ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ቢቀር፣ በባለሥልጣን ፊት ያረጋገጡትን ቃል ማፍረስ እጅግ ከባድ ነው። እባካችሁ፣ ገንዘቡ አካውንታችሁ ውስጥ ሳይገባ ወይም በስማችሁ የተዘጋጀ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) እጃችሁ ሳይገባ ይህን ቃል አትፈርሙ። ሲፒኦውንም ባንኩ ጋ ደውላችሁ አረጋግጡ። ቀሪ ገንዘብ ካለ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ባይከፈል ምን እንደሚሆን ውሉ ይናገር። ለጠበቃ የምትከፍሉት ለዚህች አንቀጽ ነው።

ዋጋ አሳንሶ መጻፍም የዚሁ ችግር ወንድም ነው። ቀረጥ ለመቀነስ 8 ሚሊዮን የተሸጠ ቤት 3 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፋል። ይህ ሕግ መጣስ ነው። በዚያ ላይ ገዢው ቀሪውን 5 ሚሊዮን አልከፍልም ቢል ሻጭ በምን ያስረዳል? ውሉ ፈርሶ ገንዘብ ይመለስ ቢባልስ ገዢው የትኛውን ያስመልሳል? ሁለቱም ወገን ይጎዳል።

ባለትዳሮች ደግሞ ስሙኝ። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም ቤቱ የጋራ ሊሆን ይችላል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት በሁለቱ ስምምነት ብቻ እንዲሸጥ ያዛል። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ባል ወይም ሚስት የሌለው ሰውም ማስረጃውን አስቀድሞ ያውጣ።

ልጆቻችሁ አሜሪካም ሆነ ዱባይ ካሉና ቤቱ በስማቸው ከሆነ፣ ውክልናው ላይ ቤት የመሸጥ ሥልጣን ለይቶ ይጻፍ። "ማናቸውንም ጉዳይ ይፈጽምልኝ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። ኤምባሲ ሄደው፣ ከሥራ ቀርተው፣ ከፍለው ያሠሩት ውክልና እዚህ ሲደርስ አይሆንም ከተባለ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ከመላካቸው በፊት ረቂቁን በስልክ አስልካችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

እንግዲህ ለዕድራችን ያለኝን ሐሳብ ልናገር። ዕድሩ ለቀብርና ለሐዘን እንደሚደርስልን ሁሉ፣ ቤት ለሚሸጡ አባላት፣ በተለይ ለአዛውንቶችና ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶች፣ ውል የሚያነብላቸው ሰው ቢያዘጋጅ እላለሁ። በወር አንድ እሑድ፣ ከስብሰባ በኋላ፣ እዚሁ አዳራሽ። እኔ ያለ ክፍያ እቀመጣለሁ፤ ሁለት የሙያ ጓደኞቼም እሺ ብለውኛል። የሚመጣው ሰው ካርታውን፣ የውሉን ረቂቅና ውክልና ካለም ኮፒውን ይዞ ይምጣ። የሚመጣው ግን ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ይሁን። ሐሳቡን ሰብሳቢያችን ዛሬውኑ ለድምፅ እንዲያቀርቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።