ሁለት ጣት የምታህል ርቀት፦ ስለ ባቡር ጎማ ቅባት በጅማ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሠልጣኞች፣ እንዲሁም ሥራ ጥላችሁ ከየጋራዡ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ? አካም ጅርቱ?

ትናንት ከአውቶቡስ ስወርድ የተሳፈርኩበት የባጃጅ ልጅ «አባባ፣ ጅማ ለምን መጡ?» አለኝ። «ስለ ባቡር ጎማ ቅባት ንግግር ላደርግ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና «ጅማ ባቡር አለ እንዴ?» አለ። የለም። በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ጅማን የሚነካ መስመር ተሰምሯል፤ ሐዲዱ ግን ገና ከካርታው አልወረደም። ልጁ ሒሳቡን ሲቀበል «እንግዲህ ባቡሩ እስኪመጣ ቅባቱ ቀድሞ ይድረስ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ የተሻለ መግቢያ ስላላገኘሁ በእሱ ጀመርኩ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ባቡሩን በሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ሥር ተኝቼ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሽመንደፈር የምንባል ዓይነት ሰዎች ነን። ወጣቶቹ ቃሉን ላታውቁት ትችላላችሁ። ፈረንሳይኛ ነው፤ «የብረት መንገድ» ማለት ነው፤ አፋችን ውስጥ ከርሞ አበሻ ሆኗል። ለገሀርም እንደዚያው ነው። የቀድሞው መስመር ከጅቡቲ ተነስቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ብቻ። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ጥግ ለመጠማዘዝ ይመቻል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ግን ኩርባ በበዛ ቁጥር ዛሬ የማወራላችሁ ጣጣ ይበዛል።

መጀመሪያ ጎማውን እንየው። ጎማ እንላለን እንጂ አንድ ግራም ላስቲክ የለበትም፤ ሙሉ ብረት ነው። ሐዲዱ ላይ የሚሽከረከር ሰፊ ፊት አለው። ከውስጥ በኩል ደግሞ ወደ ታች ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። መጽሐፉ ፍላንጅ ይለዋል። እኔ ከንፈር ነው የምለው። አዲስ ሲሆን ውፍረቱ ሠላሳ ሚሊሜትር አለፍ ይላል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ።

ብዙ ሰው ባቡሩን ሐዲድ ላይ የሚይዘው ይህ ከንፈር ይመስለዋል። እውነቱ ትንሽ ለየት ይላል። ጅማ ስለሆንኩ በሲኒ ላስረዳ። ባዶ ሲኒ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስተኙና ገፋ አድርጉት። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ክብ ይሠራል። አፉ ሰፊ ቂጡ ጠባብ ስለሆነ ነው። አሁን ሁለት ሲኒ አፍ ለአፍ ገጥማችሁ በፕላስተር አጣብቁና በሁለት ትይዩ እንጨቶች ላይ አንከባሉት። ወደ አንዱ ጎን ሲያዘነብል ራሱን ያቀናል። የባቡር ጎማም እንደ ሲኒው ነው። ፊቱ በትንሹ ሰያፍ ሆኖ ይቆረጣል፤ በከንፈሩ በኩል ወፍራም፣ በውጭ በኩል ቀጭን። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከንፈሩ ሐዲዱን እምብዛም አይነካም።

ችግሩ ኩርባ ላይ ነው። የባጃጅ ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ባጃጅ ሲታጠፍ ከኋላ ያሉት ሁለት ጎማዎች እኩል አይዞሩም፤ ዲፈረንሻሉ ይለያያቸዋል። በጋሪም ቢሆን እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ይዞራል። የባቡር ሁለት ጎማዎች ግን በአንድ አክሰል፣ በአንድ የብረት ዘንግ፣ ላይ ተጠምደዋል። አንዱ አንድ ጊዜ ሲዞር ሌላውም የግድ አንድ ጊዜ ይዞራል። ውጭ ያለው ሐዲድ ግን ይረዝማል። ሒሳብ የምትወዱ አስሉት። መደበኛ ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ፣ ሁለቱ ጎማዎች የሚያርፉባቸው ቦታዎች አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲራራቁ፣ ባቡር ሩብ ክብ ቢታጠፍ፣ ኩርባው ሰፊም ይሁን ጠባብ፣ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ሁለት ሜትር ከሠላሳ አምስት ገደማ ይበልጥ መሄድ አለበት። ኩርባው ሰፊ ከሆነ ልዩነቱን ሲኒው ያስተካክለዋል። ጎማው ወደ ውጭ ይንሸራተትና በወፍራሙ በኩል ይሽከረከራል። ኩርባው ጠባብ ከሆነ ግን ሲኒው አይበቃም። ያኔ የፊተኛው አክሰል የውጭ ጎማ ከንፈሩን የሐዲዱ ጎን ላይ ጥዶ ይፈጫል።

ይፈጫል ያልኩት ለማሳመር አይደለም። አንድ የሎኮሞቲቭ ጎማ አሥር ቶን ሊሸከም ይችላል። ሐዲዱን የሚነካበት ቦታ ግን ከአንድ ሳንቲም አይሰፋም። በስድሳ ኪሎ ጆንያ ብታስቡት ከ160 በላይ ጆንያ ቡና በአንድ ሳንቲም ላይ ቆሟል ማለት ነው። ጠባብና ደረቅ ኩርባ ላይ ወርዳችሁ ሐዲዱን ብታዩ፣ እግሩ ሥር የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ተነስንሶ ታገኛላችሁ። ከጎማው ወይም ከሐዲዱ የተላጠ ነው። ከሁለቱም ቢሆን ተከፍሎበታል።

አሁን ወደ ቶርኖው፣ ብረት ወደሚልጠው ማሽን፣ እንሂድ። ሰዎች «ከንፈሩ ቀጠነ? በቶርኖ ይስተካከላ!» ይላሉ። ልክ ነው፣ ይስተካከላል። ግን ቶርኖ ብረት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የቀጠነ ከንፈርን ወደ ቅርጹ ለመመለስ ከንፈሩ አይቆረጥም፤ ደህና የነበረው የጎማው ፊት ነው የሚላጠው። ከንፈሩ ላይ አንድ ሚሊሜትር ለማግኘት ከዲያሜትሩ ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ጎማዎች የሚጣሉት ፊታቸው አልቆ አይደለም። ከንፈራቸውን ለማዳን ሲላጩ ሲላጩ አልቀው ነው። እኔ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ከብክነቱ የሚብሰው ደግሞ አደጋው ነው። ደረቅ ከንፈር ሐዲዱን ቆንጥጦ ላዩ ላይ መውጣትና ባቡሩን ከሐዲድ ማሳት ይችላል። ናዳል የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በፊት ይህን በአንዲት አጭር ቀመር አስቀምጦታል፤ ዛሬም ይሠራባታል። ከንፈሩ ሰባ ዲግሪ ያዘነበለ ነው እንበል። ሰበቃው፣ ፍሪክሽኑ ማለቴ ነው፣ 0.5 ከሆነ፣ ጎማውን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል በላዩ ካለው ክብደት ጋር ሊስተካከል ትንሽ ሲቀረው መውጣት ይጀምራል። ሰበቃው ወደ 0.2 ከወረደ ግን የክብደቱን አንድ ተኩል እጥፍ አልፎ መግፋት ያስፈልጋል። ቀመሩን ሰሌዳው ላይ ጽፌላችኋለሁ፤ እኔን አትመኑ፣ ራሳችሁ አስሉት። ቅባት ሲባል መንሸራተት፣ መንሸራተት ሲባል አደጋ ይመስለናል። እዚህ ቦታ ላይ ግን የሚያድነው መንሸራተቱ ነው።

ታዲያ ግራሶ ለቅልቆ መሄድ ነዋ! እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ነበር የማስበው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የዴፖውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሎኮሞቲቩ በተጨመቀ አየር ዘይት የሚረጭ ነገር ነበረው። ከፊተኛው ጎማ አጠገብ አንዲት አፍንጫ ትታሰራለች፤ ከንፈሩና ፊቱ የሚገናኙበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ በየተወሰነው ርቀት ቱፍ ትላለች። ቱፍ ስል ከጠብታ አትበልጥም። አለቃዬ «አፍንጫዋን አጽዳና መልሰህ እሰር» አለኝ። አጸዳኋት። ስመልሳት ትንሽ፣ ሁለት ጣት የምታህል፣ ወደ ውጭ ዞራለች። አላየሁም። መጠኗንም ከፍ አደረግኩት። «ከበዛ ምን ይጎዳል?» ብዬ።

በማግስቱ ባቡሩ ጭኖ ዳገት ጀመረ። ዘይቱ ከንፈሩ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ ሲረጭ አድሯል። ጎማው ባለበት ዞረ። ነጂው አሸዋ ለቀቀ። ሎኮሞቲቭ አሸዋ ይይዛል፤ ጎማው ሲያንሸራትት ከፊቱ የሚነሰነስ። አሸዋና ግራሶ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሆኑ ኩሽኔታ የፈታ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ብረት መሞረጃ ነው። ጎማው እየዞረ ሐዲዱን አቃጠለው። ባቡሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ግማሽ ጭነቱን አውርዶ ሄደ። እኔ ከአለቃዬ የሰማሁትን እዚህ አልደግመውም፤ እህቶች አሉ።

ዳገት መሆኑ ዕድሌ ነበር። ቁልቁለት ቢሆንስ? ወደ ግቤ የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ የከባድ መኪና ፍሬን ሲሸት። ያንን ቁልቁለት በተቀባ ጎማ መውረድን አስቡት።

የመጣሁበት ጉዳይም ይሄው ነው። ይህ ሥራ ዘይት የማግኘት ሥራ አይደለም፤ ዘይቱን ቦታው ላይ የማቆም ሥራ ነው። በአንድ ጎማ ላይ፣ ሁለት ጣት በምታህል ርቀት፣ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይፈለጋል። ከንፈሩ ላይ ሰበቃው ከ0.2 እንዲያንስ እንፈልጋለን። ፊቱ ላይ ግን 0.3 እና ከዚያ ከፍ ያለ ሊኖረን ይገባል። አለዚያ መጎተትም መቆምም የለም። ዘይት ደግሞ ድንበር አያውቅም። ሲሞቅ ይፈሳል፤ ጎማው ሲዞር ይበተናል። የናንተ ዝናብም አይረዳም፤ ከንፈሩን ሲያርስ ፊቱንም አብሮ ያርሰዋል።

ስለዚህ ጥሩ መርጫ መቼ እንደማይረጭ የሚያውቅ ነው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ይቆማል። አሸዋ ሲለቀቅ ይቆማል። ባቡሩ ሲቆም ወይም ሲያዘግም ይቆማል። አንዳንዱ ኩርባ መግባቱን ለይቶ እዚያ ብቻ ይረጫል።

ሌላም መንገድ አለ። ከግራፋይት ወይም ከሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተሠራ ደረቅ ዱላ በሞላ እየተገፋ ከንፈሩ ላይ ይደገፋል፤ እንደ እርሳስ እየቀባ ይሄዳል። አይፈስም፣ አይበተንም። ለኔ ጠባይ የሚስማማኝ እሱ ነው። ጉዱ ሲያልቅ አለመናገሩ ነው፤ ካላየኸው ባዶ ሞላ ይዞ ይዞራል። ሦስተኛው ከባቡሩ ጋር አይሄድም። ኩርባው መግቢያ ላይ ሐዲዱ ጎን ይተከላል። ጎማው ሲያልፍ ይጫነዋል፣ ግራሶ ወደ ላይ ብቅ ይላል፣ ከንፈሩ ተቀብሎ ኩርባውን ሁሉ ይዞት ይዞራል።

ሎኮሞቲቩ ላይ የሚደረገው ለምንድን ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ ፉርጎዎቹስ? ፊት የሚሄደው ጎማ የተቀባውን ሐዲዱ ጎን ላይ ትቶ ያልፋል። ከኋላ ያለው ሁሉ ከዚያው ይቀባል። አንድ ሎኮሞቲቭ ለሠላሳ ፉርጎ ይቀባል፤ ፉርጎዎቹ ምንም አይዙም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኤላይጃ ማኮይ ይባላል። በ1844 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከአሜሪካ ባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ናቸው። ስኮትላንድ ሄዶ መካኒካል ምሕንድስና ተማረ። ወደ አሜሪካ ሲመለስ ግን ለጥቁር መሐንዲስ ቦታ አልነበረም፤ በባቡር ላይ የከሰል ጫኝና የዘይት ቀቢ ሥራ ተሰጠው። ያኔ ዘይት ለመቀባት ባቡሩ እየቆመ ሰው በእግሩ ይዞረው ነበር። ማኮይ ይህን እየሠራ ባቡሩ እየሄደ ራሱን የሚቀባበት ዕቃ ፈጠረ፤ በ1872 የባለቤትነት መብት አገኘበት። የሱ ዕቃ ለእንፋሎት ሞተሩ ሲሊንደር ነበር እንጂ ለጎማ ከንፈር አልነበረም። የልኩን ያህል፣ በቦታው፣ ሳይቆሙ የሚለው ግን ለዘይት ቀቢው ገብቶት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የተረጨው ሁሉ መጨረሻው መሬት ነው። ጠጠሩ ውስጥ ይገባል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ወንዝ ይገባል። የአዌቱን ወንዝ አጠገባችሁ ይዛችሁ ይህን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለዚህ ሲባል ከአትክልት ዘይት የሚሠራ፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ግራሶ መጥቷል፤ ከጎመን ዘር ዘመድ የሚጨመቅም አለ። ዋጋው ይወደዳል። በልክ ለሚረጭ ሰው ግን ያን ያህል አይሰማም።

እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሲኒና ሁለት እንጨት አለ። ከጎናቸው ያለው ከተጣለ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ ከንፈሩ እንደ ቢላ ቀጥኗል። እየተቀባበላችሁ እዩት። በጣታችሁ ስትዳብሱት ጥቁር ቅባት ከነካችሁ ሳሙናውን በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።