መሣሪያው ፈጠነ፤ እኛስ?

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የደሴና የኮምቦልቻ የሶፍትዌር ሠሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ!

ሐረጎን ወርዳችሁ ከደሴ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጃኬቱን አውልቁት፤ ያላችሁት ኮምቦልቻ ነው። አምና ደሴ ላይ ስንሰበሰብ እኛ በብርድ ስንንቀጠቀጥ ዋልን። ዘንድሮ የእናንተ ተራ ነው፤ ሙቀቱን ቻሉት። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጣችሁ ታናናሾቻችን ደግሞ ከኋላ ተደብቃችሁ አትቀመጡ፤ ፊት ለፊት ወንበር አለ።

ንግግሬን አላስረዝምም። ሰብሳቢ እንዲህ ሲል ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁና ሻያችሁን ያዙ።

ዘንድሮ ከአባላት ጋር ቁጭ ባልኩ ቁጥር ሁለት ነገር እሰማለሁ። አንደኛው «ኤአይ (ኮድ የሚጽፍልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ከመጣ ወዲህ ሥራ ቀለለ» ነው። ሁለተኛው «ሥራ ተቆልሎብኛል፣ ማድረስ አቃተኝ» ነው። የሚገርመው ሁለቱንም የሚለኝ አንድ ሰው ነው፤ ያውም አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ ሳይጨርስ። ታዲያ መሣሪያው እንዲህ ከፈጠነ እኛ ለምን አልፈጠንንም?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ኤምኢቲአር የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸው ዴቨሎፐሮችን (የሶፍትዌር ሠሪዎችን) ይዞ ሙከራ አደረገ። ለዓመታት በሚያውቁት የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ላይ 246 ሥራ ሠሩ፤ ገሚሱን በኤአይ፣ ገሚሱን ያለ ኤአይ። ከመጀመራቸው በፊት «በ24 በመቶ እንፈጥናለን» አሉ። ሲጨርሱም «በ20 በመቶ ፈጥነናል» አሉ። ሰዓቱ ሲታይ ግን ኤአይ የተፈቀደበት ሥራ 19 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወስዷል።

ጥናቱ ትንሽ ነው። መሣሪያዎቹም ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። አዲስ ቋንቋ ለሚጀምር ሰው ወይም ለማያውቀው ኮድ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔን የገረመኝ ሰዎቹ ዘግይተው ሳለ ፈጥነናል ብለው ማመናቸው ነው። ጣት ሲያርፍ ጭንቅላት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል መሰለኝ።

በዚያው ዓመት ስታክ ኦቨርፍሎው፣ ዴቨሎፐሮች የሚጠያየቁበት ድረ ገጽ፣ ባደረገው የዴቨሎፐሮች ዳሰሳ 84 በመቶው ኤአይ እንጠቀማለን ወይም ልንጠቀም አስበናል ብሏል። የሚሰጠውን መልስ ትክክለኛነት የሚያምኑት ግን 33 በመቶ ናቸው፤ የማያምኑት 46 በመቶ። ትልቁ ምሬታቸው ምንድን ነው? 66 በመቶ የሚሆኑት «ልክ ሊሆን ትንሽ የቀረው መልስ» አሉ።

ይህቺን «ትንሽ የቀረው» የምትባለውን ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቃታለን። አንድ አባላችን ለመድኃኒት መደብር የዕቃ መቆጣጠሪያ ሠራ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚቀይረውን ክፍል ኤአይ ጻፈለት። ኮዱ ያምራል፤ ኮሜንት፣ ማለትም ማብራሪያ፣ ሳይቀር አለው። ከዓመቱ ላይ 8 ይቀንሳል። ሥራው የተሞከረው በየካቲት ነበርና ሁሉም ልክ ሆነ። መስከረም ሲጠባ ጉድ ፈላ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። ስለዚህ ኅዳር 2018 የሚያልፍበት መድኃኒት «ኅዳር 2017 አልፎበታል» ተብሎ በቀይ ወጣ። ፋርማሲስቷ ደህናውን መድኃኒት ከመደርደሪያ ማውረድ ጀምራ ነበር። ደግነቱ ካርቶኑን አየችና ደወለች።

ጳጉሜን ጨምሩበት። በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ በ2019ም 6 ትሆናለች። ይህን የማያውቅ ኮድ ዘንድሮ ምንም አይታይበትም፤ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚፈነዳው። የጽሑፍ መልእክትም እንደዚያው ነው። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። ለወላጆች መልእክት የሚልክ የትምህርት ቤት ሲስተም ይህን ካልቆጠረ፣ 100 ፊደል ያላት ማስታወቂያ የሁለት መልእክት ሒሳብ ታስከፍላለች። ሂሳቡ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ የሚደውሉት ለኤአዩ አይደለም፤ ለእናንተ ነው።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። ሥራው አልቀነሰም፤ ከጻፊው ወደ አንባቢው ዞረ። ጀማሪው በአንድ ከሰዓት ብዙ ኮድ ያወርዳል፤ ነባሩ ቁጭ ብሎ ያንን ማንበብ አለበት። «ይቺ መስመር ለምን አስፈለገች?» ስትሉት «እሱ ነው የጻፈው» ይላችኋል። ታናናሾቼ፣ ይህቺን መልስ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማኅበር አንቀበልም። አስረድታችሁ ያልጨረሳችሁትን ኮድ አትላኩ።

የቀረው ጊዜያችን የሚሄድበትን ደግሞ ታውቁታላችሁ። መብራት ይሄዳል። ኔትወርኩ አንድ ፓኬጅ (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) እያወረደ መሀል ላይ ይቆማል፣ እንደገና ከዜሮ። ደንበኛ ይደውልና «ትንሽ ነገር ናት፣ አንድ በተን ብቻ ጨምርልኝ» ይላል። የበተኗ ዋጋ አንድ ሳምንት መሆኑን ማስረዳት ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። መሣሪያ መግዛትም ሌላ ጣጣ ነው። በወር 10 ዶላር የሚጠይቅ አገልግሎት የምንዛሪ ለውጡ ከመደረጉ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በባንክ ዋጋ 600 ብር አይሞላም ነበር። ዛሬ ከ1,000 ብር በላይ ነው፤ ያውም ውጭ የሚሠራ ካርድ ከተገኘ።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ በወጣ ቁጥር አንሩጥ። ለእኛ ኑሮ የሚስማማውን እንምረጥ። የኮድን ለውጥ የሚመዘግበውን ጊትን ተመልከቱ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ነው፤ በእኛ ሙያ አዛውንት ማለት ነው። ግን ሙሉው የኮዱ ታሪክ በየላፕቶፓችሁ ላይ አለ። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ኮሚት ታደርጋላችሁ፣ ለውጡን ትመዘግባላችሁ ማለት ነው፤ ሲመለስ ትልካላችሁ። በጦርነቱ የ2014ን ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ያሳለፈ ሰው ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይነገረውም። አሁንም ኮዳቸውን ፍላሽ ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» እያሉ የሚያስቀምጡ አባላት አሉ። ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ኤአይም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኦላማ በተባለ ፕሮግራም አማካይነት ከ4 እስከ 5 ጊጋባይት የሆነ የኤአይ ሞዴል አንዴ አውርዶ በደህና ላፕቶፕ ላይ ማስነሳት ይቻላል። እንደ ትልልቆቹ ጎበዝ አይደለም። ግን ለቴስት (ኮዱን መፈተኛ) መጻፊያና ለተረሳ ትእዛዝ ማስታወሻ ይበቃል። የደንበኛ መረጃም ከማሽናችሁ አይወጣም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የታካሚ ስምና ስልክ ቻት ላይ እየለጠፉ «ይህን ባግ (የኮድ ስህተት) ፈልግልኝ» ማለት ተራ ግዴለሽነት አይደለም፤ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

ሥራ አስፈጻሚው ለዘንድሮ ያሰበውን ልንገራችሁና ልውረድ። መጀመሪያ፣ የዘመን አቆጣጠራችንን የሚቀይር አንድ የጋራ ላይብረሪ፣ ሁላችን የምንጠቀምበት ዝግጁ ኮድ፣ እንዲኖረን እንፈልጋለን። እያንዳንዳችን ለየብቻ አንጻፈው። ቴስቱ ከኮዱ ይቅደም፤ ጳጉሜን 6፣ መስከረም 1፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሁሉም ይግባበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 9 ሰዓት ተብሎ የሚመዘገብበትን ጣጣም አትርሱ። ከዚያ ደግሞ የደሴ ልጅ የኮምቦልቻን ልጅ ኮድ፣ የኮምቦልቻው የደሴውን የሚያነብበት ጥምረት እንዘረጋለን። የሰው ኮድ ማንበብ እንደ ሥራ ይቆጠር፤ ለደንበኛ በምንሰጠው ዋጋ ውስጥም ይግባ። ብዙ የሚወርዱ ፓኬጆችን ቢሮአችን ባለው ኮምፒውተር ላይ አንዴ አውርደን አባላት ከዚያ እንዲቀዱ ማድረግም ታስቧል፤ እሱ ግን ዲስክ ይፈልጋል፣ ዲስኩም ገንዘብ ይፈልጋል።

ስለ ገንዘብ ገንዘብ ያዣችን ይነግሩናል። መዋጮ ያልከፈላችሁ አባላት፣ አብሽሩ፤ መመዝገቢያው በር ላይ ነው፣ በቴሌብርም ይቻላል። ጉባኤው መከፈቱን እያበሰርኩ መድረኩን ለሒሳብ ሪፖርቱ እለቃለሁ።