ለሚነበብ ነገር መንገዱ ይርከስ

የተከበራችሁ የደብረ ማርቆስ ነዋሪዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ የፖስታ ቤት ባልደረቦች፤ እንደምን አመሻችሁ?

ጎጃም መጽሐፍ ይዞ መጓዝን ጥንትም ያውቃል። የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዲማ ሲሻገር ዳዊቱን ማኅደር ውስጥ ከቶ፣ በትከሻው አንግቶ ነበር የሚሄደው። መጽሐፉ የሚደርሰው ተማሪው በእግሩ ሲደርስ ነው።

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታ አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ። በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

ይህ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1874 በርን ላይ ሲመሠረት፣ ከደብዳቤ ጎን ጋዜጣና መጽሐፍም በስምምነቱ ገቡ። የታተመ ጽሑፍ ከደብዳቤ ባነሰ ዋጋ ይላክ ተባለ። እንግሊዞች ይህን በአገራቸው ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1848 ለመጽሐፍ ጀምረውት ነበር። እኔ በጣም የምወደው ሐሳብ ነው። ለሚነበብ ነገር መንገዱ ይርከስ ማለት እኮ ነው!

ቅናሹ ግን ጥብቅ ደንብ ነበረው። ጥቅሉ አይታሸግም፤ ሠራተኛው ከፍቶ ማየት አለበት። ውስጡ የግል ደብዳቤ ከተገኘ የደብዳቤ ዋጋ ይከፈልበታል። በመጽሐፉ ላይ አጭር የስጦታ ቃል መጻፍ ይፈቀዳል። በሰላምታ ካርድ ላይ ደግሞ የተፈቀደው አምስት ቃል ብቻ ነበር።

አደራ ደብዳቤ፣ ማለትም ሪኮማንዴ፣ ሌላ ነገር ነው። ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ተቀባዩ ፈርሞ ይረከባል። የምስክር ወረቀቱን የሚልክ ሰው እንቅልፍ የሚያገኘው በዚያች ፊርማ ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን ለዓይነ ስውራን የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የፖስታ ኅብረቱ የብራሰልስ ጉባኤ በብሬል፣ ማለትም በጣት ዳስሰው በሚያነቡት ፊደል፣ የተጻፈ ጽሑፍ ከፖስታ ክፍያ ነፃ እንዲሆን ወሰነ። የብሬል መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ ወረቀቱም ከባድ ነው። በክብደት ቢከፈልበት ኖሮ የተማሪው ወላጅ ከየት ያመጣ ነበር?

እዚህ አካባቢ የሚማሩ ዓይነ ስውራን ልጆች አሉን። ይህንን ደንብ ሰምተው የሚያውቁ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የፖስታ ቤት ባልደረቦቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ለመጽሐፍ፣ ለጋዜጣ፣ ለብሬል ዛሬ የሚሠራበትን ዋጋና ደንብ በትልቅ የአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ መስኮቱ ላይ ለጥፉልን። ለየትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህራን ቅጂውን እኔ ራሴ አደርሳለሁ።

አመሰግናለሁ።