የፊት ነርቭ ሕመም፦ ሮቦቱ ያለ ምስል አያይም

ፊትን መታጠብ፣ ጥርስን መፋቅ ወይም አንድ ጉርሻ ማላመጥ በአንድ በኩል ባለው ጉንጭና መንጋጋ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ብርቱ ሕመም የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ። ሕመሙ ከቅጽበት እስከ 2 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል፤ ከዚያም ይመለሳል። ትራይጄሚናል ኒውራልጂያ የሚባለው ይህ በሽታ የጥርስ ሕመም ስለሚመስል ደኅና ጥርሳቸውን የሚያስነቅሉ አሉ፤ ሊቀር የሚችል ጉዳት በመሆኑም እጅግ ያሳዝናል።

[በምስል፦ አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ከአንጎል ግንድ ወጥቶ ወደ ግንባር፣ ወደ ጉንጭና ወደ መንጋጋ ሲከፈል]

በአብዛኞቹ ሕሙማን ዘንድ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ትራይጄሚናል ነርቭ ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ የደም ሥር ተጠግቶ ይጫነዋል፤ በጥቂቶች ደግሞ ዕጢ ወይም የነርቮችን ሽፋን የሚጎዳው መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ በሽታ ይገኛል። ስለዚህ የውስጥ አካልን በመግነጢስ ኃይል የሚያሳየው የኤምአርአይ ምርመራ ከሁሉም ይቀድማል። ሕክምናው በመድኃኒት፣ በተለይም በካርባማዜፒን፣ ይጀመራል፤ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው መድኃኒቱ ሕመሙን መግታት ሲያቅተው ወይም የጎንዮሽ ጉዳቱ ሲበረታ ነው።

በሮቦት መታከም ይሻላል ወይስ በምስል በሚመራ ሕክምና ብለው የሚጠይቁ ሕሙማን ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ያዩአቸዋል፤ ሮቦቱ ግን ከምስል የተነጠለ ሥራ የለውም። በመርፌ የሚሰጠው ሕክምና ይህን በግልጽ ያሳያል። ሐኪሙ ከከንፈር ጥግ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ጉንጭ ላይ ረጅም መርፌ ያስገባና፣ በራስ ቅል ወለል ላይ ባለችው፣ ፎራሜን ኦቫሌ በምትባለውና ስፋቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ አሳልፎ ነርቩ ዘንድ ይደርሳል። እዚያም ነርቩን በሬዲዮ ሞገድ ያሞቀዋል፣ ግሊሰሮል የተባለ ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ ወይም በትንሽ ፊኛ ይጫነዋል። ሦስቱም ሕመሙን የሚያቆሙት ነርቩን በመጠኑ በመጉዳት ስለሆነ ፊትን ሊያደነዝዙ ይችላሉ፤ ይህን ሮቦትም አያስቀረውም።

[በምስል፦ የሮቦት ክንድ የመርፌ መምሪያ ይዞ]

በተለመደው አሠራር ሐኪሙ የመርፌውን መንገድ በኤክስሬይ እየተመለከተ ያስተካክላል። በሮቦት ሲሆን ግን መንገዱ አስቀድሞ በተነሣ ሲቲ ስካን (የአካልን ውስጥ በንብርብር የሚያሳይ የኤክስሬይ ምስል) ላይ ይነደፋል፤ ምስሉ ከታካሚው ጭንቅላት ጋር ይገጣጠማል፤ ክንዱም በተነደፈው አቅጣጫ ቆሞ መምሪያውን ይይዛል። መርፌውን የሚገፋው ሐኪሙ ነው። ቀዳዳዋ ጠባብ በሆነችበት ወይም የአጥንቱ ቅርጽ ከተለመደው በተለየበት ታካሚ ላይ ይህ አሠራር የሙከራውን ብዛትና የጨረሩን መጠን ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም ምስሉና ጭንቅላቱ በትንሹም ቢዛነፉ ሮቦቱ ሳያመነታ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራል፤ በመጨረሻም መርፌው ያለበት ቦታ እንደገና በምስል መረጋገጥ አለበት። በእኔ እምነት፣ በኤክስሬይ እየተመራ ለዓመታት የሠራን የበሰለ ሐኪም ሮቦት ስለሌለው ብቻ መተው ተገቢ አይደለም።

ነርቩን የሚጫን የደም ሥር በኤምአርአይ ከታየና ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ የሚችል ከሆነ፣ አሜሪካዊው የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፒተር ጃኔታ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው ቀዶ ሕክምና ቀዳሚ አማራጭ ነው። ከጆሮ ጀርባ ትንሽ የአጥንት መስኮት ይከፈታል፤ ሐኪሙም በማይክሮስኮፕ እያየ በደም ሥሩና በነርቩ መካከል ብዙውን ጊዜ ቴፍሎን የተባለ ሰው ሠራሽ ቁስ ቁራጭ ያስገባል። ነርቩን ሳይጎዳ መንስኤውን ስለሚያስወግድ እፎይታው ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በአንጻሩ የመስማት ችሎታ መቀነስ፣ የአንጎል ፈሳሽ መፍሰስና አልፎ አልፎም ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

ያለ ቢላ የሚሰጠው የጨረር ሕክምናም አለ። ስዊድናዊው የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ላርስ ሌክሰል እ.ኤ.አ. በ1951 ሐሳቡን አቅርቦ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ጋማ ናይፍ የተባለው መሣሪያ በርካታ የኮባልት ጨረሮችን በነርቩ ሥር ላይ ያገናኛል። ሳይበር ናይፍ የተባለው ሌላ መሣሪያ ደግሞ ጨረር አመንጪውን በሮቦት ክንድ ላይ ይዞ በሕክምናው መካከል በሚነሡ የኤክስሬይ ምስሎች አቅጣጫውን ያርማል። እፎይታው በአብዛኛው ከሳምንታት እስከ ወራት ስለሚዘገይ፣ ታካሚው እስከዚያው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።