ወለድ ሲጨምር ማን ይከፍላል?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወጣት ኢኮኖሚስቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ባለሥልጣን ኢኮኖሚስት አስጠርቶ ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲያማክር ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ወለዱን እናውርድ ወይስ እንተወው?» መልሱ ቶሎ እንዲሰጠው ይፈልጋል። ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ዛሬ የተወሰነ ወለድ በዋጋ ንረት ላይ በደንብ የሚታየው ከዓመት፣ አንዳንዴም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ባንኮች የብድር ወለዳቸውን እስኪቀይሩ፣ ተበዳሪው እስኪያመነታ፣ ነጋዴው ዋጋውን እስኪከልስ ይቆያል። ምርጫ ግን ማንንም አይጠብቅም።

አርተር በርንስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ስመ ጥር የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበር፤ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አማካሪ፣ በኋላም የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከ1972 እ.ኤ.አ. ምርጫ በፊት ወለዱ ዝቅ ብሎ ገንዘቡ ላላ እንዲል ይወተውተው እንደነበር የኋይት ሀውስ የድምፅ ቅጂዎች ይመሰክራሉ። ግፊቱ ምን ያህል እንደሠራ ዛሬም ያከራክራል። ንረቱ ግን በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከቁጥጥር ወጣ።

ዕዳውን ማወራረድ የደረሰው ለፖል ቮልከር ነው። በ1979 የዚያው ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር ሆኖ ተሾመ፤ ወለዱ እስከ 20 በመቶ አሻቀበ። ከ14 በመቶ አልፎ የነበረው ንረት በ1983 ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ። በመሃሉ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ። ቤት ገንቢዎች ምሬታቸውን የጣውላ ቁራጭ ላይ ጽፈው ለባንኩ በፖስታ ላኩ። ገበሬዎች ትራክተር እየነዱ ዋሽንግተን ገቡ። እኛ በሪፖርታችን «የማስተካከያ ወቅት» ብለን በአንድ መስመር የምናልፈው ይሄንን ነው!

ስለዚህ ምክራችን ቁጥር ብቻ አይሁን። ወለዱ ቢጨምር ሥራ የሚያጣው ማን ነው? ባይጨምርስ በቋሚ ደመወዝ የሚኖረው ሰው ኪስ ምን ይሆናል? ትንበያችን የቱ ጋ ሊስት ይችላል? ይህ ሁሉ ከውሳኔው በፊት በጽሑፍ ይቅረብ። ካለፈ በኋላ «እኔማ ብዬ ነበር» የሚል አማካሪ ሞልቷል።

የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ አሠራር ደስ ይለኛል። የወለድ ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት አሉት፤ ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ በስም ይወጣል። ከብዙኃኑ ጋር ተደብቆ ማለፍ የለም።

ሹሙ ምክራችንን ላይቀበል ይችላል። መብቱ ነው፤ ሕዝብ ፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። እኛ ወረቀቱ ላይ ቀን ጽፈን፣ ፈርመን እንስጠው። አንድ ቅጂም ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

አመሰግናለሁ።