ጓጉንቸሩ ይከፈት

አሰላሙ አለይኩም። ሰላም ለሁላችሁም ይሁን።

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣችሁ መምህራንና ርእሳነ መምህራን፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ ከየእድሩ የተወከላችሁ ሽማግሌዎች፣ በየወሩ ከኪሳችሁ እያዋጣችሁ ይህን ፈንድ ያቆማችሁ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተጠራነው ፈንዱ ለመምህራን በሚሰጠው የዘንድሮ የክፍል ውስጥ ፕሮጀክቶች ድጋፍ ላይ ለመነጋገር ነው። የተመረጡት ማመልከቻዎች ዝርዝር በር ላይ ተለጥፏል፤ እሱን በማንበብ ጊዜያችሁን አልወስድም። የቆምኩት ስለ አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ ስለ ጓጉንቸር።

በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ስሙን ማንሳት ለማንም አይጠቅምም፣ በዚህ ፈንድ ገንዘብ የተገዛው የሳይንስ ዕቃ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ በቆመ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ይገኛል። ሉሉ ከነላስቲኩ ነው። 20ው የማጉያ ሌንስ ከካርቶኑ አልወጣም። ሁለቱ ሚዛኖች በነጭ ፎም እንደተጠቀለሉ ናቸው፤ የክብደት ድንጋዮቻቸው የታሸጉበት ክር አልተበጠሰም። ሁሉም በቁጥር ልክ ነው፤ አንድም አልጎደለም። ቁልፉ የንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። ከዚያው ቢሮ ግድግዳ ማዶ 3ኛ ክፍል አለ። መምህሯ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ክብ ሠርታ፣ እጀታ ቀጥላ፣ «ይህ ማጉያ ሌንስ ይባላል፤ ትንሹን ነገር ትልቅ አድርጎ ያሳያል» ትላለች። ልጆቹ ሥዕሉን በደብተራቸው ይገለብጣሉ። በሌንሱና በልጆቹ መካከል ያለው የአንድ ብሎኬት ውፍረት ነው።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ መምህሯን ይወቅሳል፤ ርእሰ መምህሩን ይወቅሳል። አትውቀሷቸው። መንገዱን ተከትለን እንየው። ዕቃው ተገዝቶ ሲመጣ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ገቢ ይሆናል። መምህሯ ስትፈልገው በሞዴል 20 ትጠይቃለች፤ ይጸድቃል፤ በሞዴል 22 ፈርማ ትወስዳለች። ከፈረመችበት ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው በስሟ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የእኛ የውል ቅጽ አለ። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ «የተረከብኩት ዕቃ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ዋጋው ከደመወዜ ይቆረጥ» ይላል። ሌንሱን ለ60 ልጅ አድርሳ አንዱ መሬት ላይ ቢወድቅ ከልጆቿ ጉሮሮ ነው የሚወጣው። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍነው እኛ ነን። ጓጉንቸሩን ገዝተን በመምህሯ እጅ ያስቆለፍነው እኛ ነን!

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት በደሴም በኮምቦልቻም ከትምህርት ቤቶች ዕቃ ተዘርፏል፤ ወንበርና ሰሌዳ ሳይቀር ተሰባብሯል። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ በብረት ሊያጥር የሚፈልግ ኃላፊ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ያን ጊዜ የተቆለፈበትም ያልተቆለፈበትም አብሮ ሄደ። የተረፈው በልጆቹ አእምሮ የገባው ብቻ ነው፤ ያንን ማንም ሊጭነው አልቻለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጠመኔ ሲያልቅ መምህሩን «አምጣ፣ ክፈል» የሚለው አለ? የለም። ለምን? ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተብሎ ስለተመዘገበ ነው። ሥራው ማለቅ ነው። የፊደል ካርድ፣ የመቁጠሪያ ቆርኪ፣ የንባብ መጽሐፍ፣ በ60 ጣት የሚነካ ሌንስ ሥራው ምንድን ነው? እሱም ማለቅ ነው። ልጅ እየነካው ያረጀ ካርድ ጠፋ አይባልም፤ ሠራ ይባላል።

ይህች ደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ያለባት ከተማ ናት። ስሙን ታውቁታላችሁ፤ አይጠየፍ። ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉንም ስለሚያበላ ነው ስሙ የወጣለት። እኛ ደግሞ በዚያው ከተማ ጭቃ የነካውን የሕፃን እጅ የሚጠየፍ ቁምሳጥን እያቆምን ነው። ይህ የወሎ ወግ አይደለም!

እንግዲህ ከተቆለፈው ይልቅ ስለሚሠራው በዝርዝር ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ በመስከረም የምትሠሩት እሱን ነውና።

የፊደል ካርድን እንውሰድ። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሆሄ 231 ናቸው። አንድ ኤ4 ጠንካራ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ካርድ ይወጣዋል። ስለዚህ ለአንድ ሙሉ ስብስብ 29 ወረቀት ይበቃል። 60 ልጅ ያለበት 1ኛ ክፍል በአምስት በአምስት ሲቀመጥ 12 ቡድን ነው፤ 12 ስብስብ 348 ወረቀት ይፈልጋል። 400 ግዙ። የተረፈው 52 ወረቀት ከ400 በላይ መተኪያ ካርድ ይወጣዋል፤ ጥቅምት ሳይገባም ያስፈልጋችኋል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ምን እንደሆነ ላስረዳ። አንደኛ፣ በአንድ ወገን ብቻ ፕላስተር የተለጠፈበት ካርድ በሳምንቱ ወደ አንድ ጎን ይጠቀለላል። ሁለቱንም ወገን መለጠፍ ነው። ላሚኔሽን የምታስደርጉ ደግሞ መጀመሪያ ካርዱን ቁረጡ፤ ከዚያ ይሸፈን፤ ስትከረክሙት በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር የሚያህል ፕላስቲክ ተዉለት። ሙሉ ወረቀቱን አሸፍኖ ከዚያ የሚቆርጥ ሰው የወረቀቱን ጠርዝ እርቃኑን ያስቀረዋል። የደሴን ጭጋግ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ የወረደው እርጥበት በዚያ ጠርዝ ይገባና ካርዱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ኮምቦልቻ ያላችሁ እርጥበቱ ባይበረታባችሁም አቧራው ስላለ ካርዱን ክዳን ባለው ሳፋ ያዙት። ክዳን አልኩ እንጂ ጓጉንቸር አላልኩም።

ሁለተኛው ጥፋት 231ዱን ካርድ በአንድ ቀን ማውጣት ነው። ልጁ ይሰጥማል። በሳምንት አንድ የፊደል ቤተሰብ፣ ማለትም ሰባት ካርድ፣ ብርቱ ክፍል ከሆነ 14 ይበቃል። በቅርጽ የሚመሳሰሉትን በአንድ ሳምንት አታገናኟቸው፤ ለ እና ሰ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ ይራራቁ። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው፤ ድምፁ አንድ ሆኖ መልኩ ሦስት ሲሆን ሕፃን ልጅ መምህሩ የተሳሳተ ይመስለዋል። አንዱ በደንብ ሲያዝ ሌላው ይምጣ።

ቆርኪውን ልጨምር። ለአንድ ልጅ 20 ቆርኪ ነው፤ ለ60 ልጅ 1,200፣ ከነመጠባበቂያው 1,500። 24 ጠርሙስ በሚይዘው ሳጥን ሲሰላ 63 ሳጥን ገደማ ለስላሳ ማለት ነው፤ በሠርግ ወር ለድግስ ቤት አንድ ቃል ከተነገረ ያለ ምንም ወጪ ይሰበሰባል። የለስላሳውን ብቻ ሰብስቡ። የቢራ ቆርኪ በክፍል ውስጥ ማየት ቅር የሚያሰኘው ወላጅ አለ፤ ለ1,500 ቁራጭ ቆርቆሮ ተብሎ የወላጅ ልብ አይሻክርም። ቆርኪ 21 ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ይቆርጣል። በውስጡ ያለችውን ስስ ፕላስቲክ በፈላ ውኃ አርሱና በቢላ ጫፍ አውጧት፤ ከቀረች ሥሯ ውኃ ይዛ ታዝጋለች። ቀጥሎ በሳሙና ይታጠብና በዚያው ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከዚያ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ይቀመጥና ዙሪያውን እየዞሩ በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው። መሀሉን በአንድ ምት የሚመታ ሰው ቆርኪውን ያጎደጉደዋል፤ ጥርሱ ግን እንደቆመ ይቀራል። ለቅድመ መደበኛ ሕፃናት አትስጡ፤ ወደ አፋቸው ይከቱታል።

ይህ ቆርኪ ምን ያደርጋል? ወረቀት ላይ አምስት በሁለት ረድፍ የሆኑ 10 ሳጥኖች ይሰመራሉ። ልጅቷ 8 ቆርኪ በሳጥኖቹ ላይ ትደረድራለች፤ ሌላ 5 በጎን ታስቀምጣለች። ሁለት ሳጥን ባዶ መሆኑን ታያለች። ከአምስቱ ሁለቱን በጣቷ ገፋ አድርጋ ትሞላቸዋለች። አስሩ ሞላ፤ ውጭ ሦስት ቀረ። 8 እና 5 አሥራ ሦስት መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ በጣቷ ገፍታ አገኘችው። ከዚያች ቀን በኋላ 8 እና 6 ስትባል ጣቷን አትቆጥርም። የልጅን እጅ ያልነካ ሉል፣ የሺህ ብርም ይሁን የብዙ ሺህ፣ ይህችን ታህል ሥራ አልሠራም!

ስለዚህ ዛሬ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ከውላችን ላይ ያ የደመወዝ ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። በምትኩ ሦስት ነገር ይግባ። በክፍል ፕሮጀክት የተገዛ የልጆች መጠቀሚያ ሁሉ እንደ ጠመኔው አላቂ ተብሎ እንዲመዘገብ ከትምህርት ቤቱ ጋር በውሉ ላይ እንፈራረም። ከእያንዳንዱ ድጋፍ ላይ 15 ከመቶው ለተሰበረና ለጠፋ መተኪያ ተብሎ ከመጀመሪያው ይያዝ። መምህሩም አንዲት ገጽ መዝገብ ይኑረው፤ ቀን፣ ምን ተሰበረ፣ ምን ሲሠራበት ተሰበረ። ይኸው ነው። መዝገቧ ባዶ የሆነችበትን ክፍል ስንጎበኝ «ጎበዝ፣ ምንም አልጠፋም» ማለት ይቅርብን። «ለምን ምንም አልተሰበረም?» ብለን እንጠይቅ። ያልተሰበረበት ቤት ያልተሠራበት ቤት ሊሆን ይችላልና!

አደራ የሚፈራ ወገን እንዳለ አውቃለሁ። «መምህሩ ወደ ቤቱ ቢወስደውስ?» ይባላል። ፊደል የተጻፈበትን ካርድ ወስዶ የት ይሸጠዋል? የሚሰረቀውን ዓይነት ዕቃ ለሕፃናት ክፍል አንግዛ፤ በቃ።

የቀረውን ባጭሩ።

ገንዘቡ በነሐሴ መጨረሻ መምህሩ እጅ ይግባ። በታኅሣሥ ተወስኖ በግንቦት የሚደርስ ብር ለፈተና ወር የሚደርስ ብር ነው፤ በመካከሉም ዋጋው ይለወጣል። የጠየቃችሁት ዋጋ 15 ከመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ መጨመር አለመጨመሩን ከማመልከታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ፤ 10,000 ብር ብሎ ጽፎ 1,500 ያጠረው መምህር በየዓመቱ አለ።

ደረሰኝን በተመለከተ፣ ከሰኞ ገበያ ለሚገዛ ክር፣ ከረጢትና ሳፋ ሦስት ፕሮፎርማ መጠየቅ ይቁም። የሻጩ ፊርማ፣ የመምህሩ ፊርማ፣ የአንድ ወላጅ ፊርማ ያለበት የግዢ ማስታወሻ ለትንንሹ ግዢ ይበቃል። ለትልቁ ግን ሕጋዊ ደረሰኝ ግድ ነው።

የትምህርት ቤት አትክልት ቦታ የምትጠይቁ፣ ዘሩን ለሰኔ አታስቡት። ክረምቱ ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፤ ጎመኑን የሚያርመው ሰው የለም። የእኛ አገር በልግ አላት። በጥር መሬቱን አዘጋጅታችሁ የበልጉን ዝናብ ጠብቁ፤ ልጆቹ ሳይበተኑ ይደርሳል።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስንት ልጅ ነው? እያንዳንዱ ልጅ በእጁ ምን ያደርጋል? በሳምንት ስንት ደቂቃ? ዕቃው በክፍሉ ውስጥ የት ይቀመጣል? ሲሰበር ማን ይተካል? አምስቱን የመለሰ መልሷል። አራተኛው ላይ «ቢሮ» ብሎ የሚጽፍ ማመልከቻ ተመልሶ ይምጣ።

የውሉ ማሻሻያ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። ከመድረኩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሙሉ የፊደል ስብስብ፣ በአንድ ወገን የተለጠፈና የተጠቀለለ ካርድ፣ በትክክል የተመታና በአንድ ምት የተበላሸ ቆርኪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሻያችሁን ይዛችሁ ወደዚያ ኑ፤ በጣታችሁ ዳስሷቸው፤ ብትሰብሩም የምትፈርሙበት የለም።